ወንድሞቼን ያስቆጠረችኝ ጠበቃ

ከፔንታጎን ጋር ኮንትራት ባለው ድርጅት ቨርጂኒያ ውስጥ የአይቲ ሥራ አገኘሁ። ግን ሴክረት ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ ካገኘሽ ነው አሉኝ። ለዚህ የሚሞላውን፣ ስለ ራስና ስለ ቤተሰብ የሚጠይቀውን ኤስ.ኤፍ. 86 የሚባል ቅጽ ስከፍት እጄ ተሳሰረ። እናቴና ወንድሜ አዲስ አበባ ናቸው፤ ወንድሜ ደግሞ የወረዳ ሠራተኛ ነው። አንድ የማውቀው ሰው «የወንድምሽን የመንግሥት ሥራ ሳትጽፊ ዝለዪው፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ አሌክሳንድሪያ ያለች የክሊራንስ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ለሁለት ሰዓት 500 ዶላር። ውድ ነው፤ ግን ደግሜም እከፍላለሁ።

ቤተሰብ ውጭ አገር ስላለ ብቻ ማንም አይወድቅም አለችኝ። የሚታየው ዘመድሽ ምን ይሠራል፣ አገሩ ከአሜሪካ ጋር እንዴት ነው፣ አንቺስ እዚህ ምን ያህል ሥር ሰደሻል የሚለው ነው። መደበቅ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ከዚያ ወንድሞቼን አስቆጠረችኝ። «ሁለት» አልኳት። አንዱ ለካ የአክስቴ ልጅ ነው! አንድ ቤት ስላደግን ከወንድሜ ሌላ ብዬው አላውቅም። ቅጹ ግን 18ኛው ክፍል ላይ የአክስት ልጅን አይጠይቅም። በየሳምንቱ ስለምንደዋወል 19ኛው ላይ፣ የቅርብ የውጭ ዜጎች በሚጻፉበት ገባ። ለእማዬ የምልከው ብርም 20ኛው ላይ ቦታ አለው።

የእማዬን ልደት አላውቀውም ነበር። እዚያው ሆኜ ደወልኩላት። «የግንቦት ልደታ ማግስት» አለችኝ፤ ዓመቱ 1941 ይመስላታል። ጠበቃዋ ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይረን ሜይ 10፣ 1949 ብለን ጻፍን፤ ግምት የሚለውን ሳጥንም ምልክት አደረግንበት።

ቅር ያለኝ ቀጠሮው ነው። 3 ሳምንት ጠበቅኩ፤ አሠሪዬ የሰጠኝ ቀን ሊያልፍብኝ ነበር። የምትሄዱ ካላችሁ ቶሎ ደውሉ። የዘመዶቻችሁን ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሥራ ቦታም ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ግማሹን ሰዓት የጨረስኩት ስልክ ላይ ነው።

ውጤቱን ገና እየጠበቅኩ ነው። ባለፈው ሳምንት መርማሪው መጥቶ ስለ ወንድሜ ሥራ ጠየቀኝ። የጻፍኩትን ነገርኩት። ማስታወሻው ላይ አሰፈረና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።