የግዕዝና የአማርኛ ዳዊት፣ በመዝሙር 50 ሲፈተን

በሐምሌ መጨረሻ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘ፣ ጥቁር የቆዳ ሽፋንና ማንገቻ ያለው ማኅደር የተሠራለት አዲስ ዳዊት በ900 ብር ገዛሁ። ሁለቱን የፍልሰታ ሱባኤ በዚሁ መጽሐፍ ስደግም ቆይቼ ከዚያም ወዲህ ጧት ጧት ስገልጠው ስለ ሰነበትሁ፣ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ያየሁትን ብጽፍለት ይጠቅመዋል ብዬ አሰብሁ። የአሳታሚውን ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስሕተቶች ለራሱ በቃል ልነግረው ስለምፈልግ ነው።

ዳዊቱን የገዛሁት ለጌጥ አልነበረም። አዋበል ባለው የአባታችን መሬት ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ ድንበር ተጋፍተን፣ በሰኔ እርሻ አንዲት ትልም ወደ እርሱ ድርሻ አሳልፌ አሳረስሁ። ትልሟ ብትለካ ከአንድ ክንድ አትበልጥም፤ ሦስት እሑድ ሙሉ ግን ሽማግሌ አስቀመጠችን። ነፍስ አባቴ ዘንድ ቀርቤ በተናዘዝሁ ጊዜ ቀኖናዬ ዳዊት መድገም እንደሚሆን ገምቼ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ትልሙን ሳትመልስ ብትደግም ለማን ትደግማለህ?» ብለው መለሱኝ። መልሼ፣ ወንድሜንም ይቅርታ ጠይቄ ስመጣ፣ «በል አሁን ሱባኤውን ድገም፤ ነገር ግን ልብ አድርግ፤ ስለ ደገምህ አይደለም የምትማረው፤ የሚምርህ አምላክ ስላለህ ነው የምትደግመው» አሉኝ። ቤት ያለው አሮጌ ዳዊት ጠርዙ ተበልቶ ፊደሉ ስለ ደበዘዘ ነው ወደ መሸጫው የሄድሁት። ይህን ሁሉ ያነሣሁት መጽሐፉን የመዘንሁበት ሚዛን ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው። ዳዊት ሁሉ፣ ሽፋኑ ወርቅ ቢሆን፣ ኃጢአቱን አውቆ ለቆመ ሰው በመዝሙር 50 ላይ ካላገዘው ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከውጭው ልጀምር። ጥራዙ በክር የተሰፋ እንጂ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ አይደለም፤ አትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ተዘርግቶ ይቀራል፤ እጅን ለመስቀልና ለጧፍ ነጻ ያደርጋል። ፊደሉ ደልደል ያለ ነው፤ በዚያ ሰሞን መብራት በየማታው ይጠፋ ስለ ነበር በጧፍ ብርሃን ፈትኜዋለሁ፣ ዓይን አላደከመም። ወረቀቱ ግን ስስ በመሆኑ ቀዩ ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል፤ የእግዚአብሔር ስም በቀይ በተጻፈበት ገጽ ጀርባ ያለው ቃል ደም የነካው ይመስላል። የማኅደሩ ማንገቻ ቀጭን ነው፤ ርቆ ለሚሄድ ሰው ትከሻ ይቆርጣል።

አቀማመጡ ብዙ የሚያነጋግር ነው። የብራና ዳዊት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊዎቹ መዝሙሩን በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱን ቤት በየራሱ መስመር ይጽፉት ነበር፤ ደጋሚው በመስመሩ መጨረሻ ትንፋሹን ይመልሳል፣ ዓይኑም ቀጣዩን ቤት ሳይፈልግ ያገኘዋል። እዚህ ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ ለማስገባት ሲባል ግዕዙ በጠባብ ዓምድ ስለ ተጨናነቀ፣ አንዱ ቤት መካከሉ ላይ ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዳንዴም ቃሉ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ንባብ ቤት ያልዋለ ሰው የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ግራ ይገባዋል። ተነሽና ወዳቂ የሚባለውን የግዕዝ ንባብ ስልት የሚለይ ምልክትም የለውም፤ ይህ ግን በአብዛኞቹ ኅትመቶች የተለመደ ስለሆነ በዚህኛው ላይ ብቻ አልፈርድም። ከግዕዝ መጻሕፍት ሁሉ አስቀድሞ ማተሚያ የገባው ይኸው ዳዊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ አሳትሞታል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መስመር ማስተካከል አቃተን ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

ድግሙ በየዕለቱ የተከፈለው በተለመደው ሥርዓት ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። የየንጉሡ መጨረሻም፣ ማለትም የየ10ሩ መዝሙር ማብቂያ፣ በትንሽ ሐረግ ጌጥ ተለይቷል። በዚህ መሠረት መዝሙር 50፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 51 የሚባለው፣ የአምስተኛው ንጉሥ ማብቂያ ሆኖ ማክሰኞ ላይ ይውላል። እኔም ማክሰኞ ሌሊት ደረስሁበት።

እዚህ ገጽ ላይ አሳታሚው አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል፣ ላመሰግነው ይገባል። የመዝሙሩን አርእስት፣ ዳዊት ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ እንደ መጣ የሚናገረውን፣ ሳያሳጥር በቀይ አትሞ፣ ከግርጌው ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11ና 12ን እንድናይ ጠቁሟል። ጥቆማውን ተከትዬ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥሁ። ናታን ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የደሃውን አንዲት ጠቦት እንደ ወሰደ ሲነግረው ዳዊት በዚያ ሰው ላይ ተቈጣ፣ ሞት ፈረደበት፤ ነቢዩም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ሦስት እሑድ ሙሉ ሽማግሌዎች ፊት ወንድሜን ስከስስ የነበርሁት እኔ፣ የጠቦቷን ታሪክ ሳነብ ትልሟ ትዝ አለችኝ። የሰው ልብ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የራሱን በደል በሌላ ሰው ስም ሲነግሩት ወዲያው ያውቀዋል፣ በራሱ ስም ሲሆን ግን አያውቀውም። ይህን አርእስት ያስቀሩ ወይም ያሳጠሩ ዳዊቶች ስላሉ፣ እዚህ መሟላቱ ከወርቅ ቅብ ጠርዝ የሚበልጥ ዋጋ አለው።

መዝሙሩ ሲጀምር «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» ይላል። አማርኛው ዓምድ «አቤቱ፣ እንደ ይቅርታህ ታላቅነት ማረኝ» ብሎ በትክክል ተርጕሞታል። ልመናው የተለካበት «በከመ» የሚለው ቃል ነው፤ እንደ ጾሜ ወይም እንደ ስግደቴ አይልም፣ እንደ ይቅርታህ ታላቅነት ይላል እንጂ። መለኪያው ከለማኙ ዘንድ አይደለም። ነፍስ አባቴ በአፍ የነገሩኝን በጽሑፍ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ወረድ ብሎ ነው። «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ» የሚለውን አማርኛው «አቤቱ፣ ንጹሕ ልብ ስጠኝ» ብሎታል። ለጆሮ ይጥማል፣ ትርጕሙ ግን ጠፍቷል። ግዕዙ «ፍጥር» ይላል፣ ፍጠርልኝ ማለት ነው። በዕብራይስጡም በዚህ ቦታ ያለው ግስ ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን መፍጠሩ የተነገረበት «ባራ» የተባለው ራሱ ነው፤ በዚያ አኳኋን ሲነገርም አድራጊው እግዚአብሔር ብቻ እንጂ ሰው ሆኖ አይገኝም። ንጉሡ አሮጌ ልቡን ጠግንልኝ ወይም እጠብልኝ ብሎ አላበቃም። ከበረድ ይልቅ ስለ መንጻት፣ በሂሶጵ ስለ መረጨት ከላይ ተናግሮ፣ ያ አልበቃው ብሎ ወደ መፍጠር ተሻገረ። «ስጠኝ» ስንል ግን ልቡ የሆነ ቦታ ተዘጋጅቶ እንደ ተቀመጠ፣ እኛም እጃችንን ዘርግተን የምንቀበለው ዕቃ እንደ ሆነ እናስባለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በጸጋ መዳናችንን ከተናገረ በኋላ ወዲያው፣ እኛ የእርሱ ፍጥረት ነን፣ ለመልካም ሥራ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን ይላል። የዳዊት ልመናና የጳውሎስ ቃል በዚህ በአንድ ግስ ይገናኛሉ፤ ተርጓሚው ግሱን ሲለውጥ መገናኛው ተቆረጠ። መልካሙ ሥራ ከአዲሱ ልብ በኋላ መምጣቱም በዚሁ ይጠፋል። የእኔ ትልም መመለስ እንኳ፣ ጥሩ ሥራ ነው ከተባለ፣ ራሴ ያመነጨሁት አልነበረም፤ ነፍስ አባቴ ባይገሥጹኝ ኖሮ እስካሁን ጤፍ ይበቅልባት ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የዚሁ ቤት ሁለተኛ ክፍል «ሐድስ ውስተ ከርሥየ» ሲል ቀጥተኛ ፍቺው «በሆዴ ውስጥ አድስ» ነው። «በውስጤ» ተብሎ መተርጐሙ ስሕተት ባይሆንም፣ ቂምንና ምሥጢርን በሆዱ ለሚይዝ የጎጃም ሰው «በሆዴ» ቢባል የተሻለ የሚገባው ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ስሕተት እኔ አላገኘሁትም። ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ አንድ የኔታ ጎረቤት አሉኝ። መጽሐፉን ባርከው እንዲሰጡኝ ወስጄላቸው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር መስመሩን እየተከተሉ ሲያነቡ ድንገት ጣታቸው ቆመ። ቦታው «ለኃጥአን መንገድህን አስተምራቸው ዘንድ» የሚለው ነው። በግዕዙ «መሀረ»፣ አስተማረ፣ የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ነው፣ መምህር የሚለው ቃልም ከዚያ ይወጣል፤ «መሐረ»፣ ይቅር አለ፣ ግን የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፣ ምሕረት ከዚያ ይወጣል። አራሚው ሃሌታውን በሐመሩ ለውጦታል። ስለዚህ ምሕረት ሲለምን የቆየው ንጉሥ፣ መዝሙሩ ሳያልቅ፣ ለኃጥአን ምሕረት አዳይ ሆኖ ተገኘ።

የኔታ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «እንግዲህ ገና ራሱ ሳይማር ሌላውን ሊምር ተነሣ በለኛ!» አሉ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በአማርኛችን ሁለቱ ግሶች ተቀላቅለው «ተማረ» ስንል ትምህርት ያገኘም ይቅር የተባለም ሊሆን ይችላል፤ ግዕዙ ግን በአንዲት ፊደል አጥር ለይቷቸዋል። ኃጥእ ለኃጥእ ሊያደርግለት የሚችለው መንገዱን ማሳየት ነው፣ ይቅርታው የሌላ ነው። እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ በሌሎች ገጾችም ተቀላቅለው አይቻለሁ፣ እነዚያን በዝምታ አልፋቸዋለሁ፤ ይህችን አንዲት ሐ ግን ማለፍ አልቻልሁም።

ከዳዊቱ በኋላ ያሉት ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ንጹሕ ሆነው ታትመዋል፤ ውዳሴ ማርያሙ በየዕለቱ የተከፈለ ሲሆን በሱባኤው ያለ ችግር ተገልግዬበታለሁ።

የመጨረሻው ቅጠል ግን አሳዘነኝ። አሳታሚው በራሱ አሳብ፣ ደጋሚው ምን ያህል እንደ ደገመ ምልክት የሚያደርግበት ሠንጠረዥ ጨምሯል፤ በአንድ በኩል ቀኖች፣ በሌላ በኩል 15ቱ ነገሥታት፣ በመካከሉ ባዶ ሣጥኖች። ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ የታሰበ መሆኑ ይገባኛል። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን፣ መዝሙሩን ጨርሼ «አሜን» ከማለቴ በፊት እርሳሱን ሳነሣ ራሴን ያዝሁት። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሁለት ሣጥን ስለ ጎደለኝ ዕዳ እንዳለበት ሰው ስበሳጭ አመሸሁ፤ የባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ከዚህ የተለየ መልክ የለውም። ዳዊት መድገም ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ሒሳብ ማወራረድ ነው ብሎ የሚያስብ ልብ በእኔም ውስጥ አለ፤ መጽሐፉ ይህን ልብ በሣጥን ሊያግዘው አይገባም ነበር።

መሸጫው ዘንድ ተመልሼ ስሕተቶቹን አሳየሁ። ሻጩ የአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ስለሆነ ቶሎ ገባው፤ ብሩን ሊመልስልኝም ፈቃደኛ ነበር። እኔ ግን የኔታ በራሳቸው እጅ በጥቁር ቀለም ሐመሩን ወደ ሃሌታ አርመውልኝ ስለ ነበር መመለሱን አልወደድሁም። ግዕዙን ለሚያውቅና አማርኛውን ለመደገፊያ ብቻ ለሚፈልግ ሰው 900 ብሩ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ጥራዙ ብቻውን ብዙ ዓመት ያገለግላል። ለንባብ ቤት ልጅ ግን፣ ፊደሉ እስኪታረም ድረስ፣ አልገዛለትም፤ ልጅ በመጀመሪያ ያየውን ፊደል ለማስለቀቅ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ መምህራኑ ያውቃሉ። የገዛ ሰው ቢኖር «ስጠኝ» የሚለውን «ፍጠርልኝ» ብሎ፣ ሐመሩንም ሃሌታ አድርጎ በእርሳስ ያርመው። ሠንጠረዡን እኔ በምላጭ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፤ ጥራዙ በክር የተሰፋ ስለሆነ ተጓዳኟ ቅጠል እንዳትላላ ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ማስቀረት ያስፈልጋል።