ሃድፊልድ ወይስ ማክናተን? እብደትን የሚመዝኑ ሁለት ሚዛኖች

ተከሳሹ «አእምሮዬ ታሞ ነው» ሲል ዳኛው በምን ይመዝነዋል? ሁለቱ የታወቁ ሚዛኖች የመጡት ከእንግሊዝ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1800 ጄምስ ሃድፊልድ ለንደን ድሩሪ ሌን ቲያትር ውስጥ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ላይ ተኮሰ። ሳተው። ሰውየው ወታደር ነበር፤ ጦር ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን በጎራዴ ተመትቷል። መንግሥት ቢገድለኝ ክርስቶስ ዳግም ይመጣል ብሎ ያምናል። ራሱን ማጥፋት ግን ኃጢአት ሆነበት። ስለዚህ የሚያሰቅል ወንጀል መረጠ። ጠበቃው ቶማስ ኧርስኪን «ዋናው ቅዠቱ (በሕመም የመጣ የሐሰት እምነቱ) ነው፤ ድርጊቱ ከቅዠቱ ከመነጨ ይበቃል» አለ። ተሳካለት። ሃድፊልድ ጥፋተኛ አይደለም ቢባልም ቤቱ አልገባም። ፓርላማው ቶሎ ብሎ ሕግ አውጥቶ እንዲያዝ አደረገ።

በ1843 ደግሞ ዳንኤል ማክናተን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድሩሞንድን ገደለ። እሱም በእብደት ከጥፋተኝነት ዳነ። ንግሥት ቪክቶሪያ ተቆጣች፤ ዳኞች ለጌቶች ምክር ቤት (ለፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት) ማብራሪያ ሰጡ። ሚዛኑ ጠበበ፦ ሰውየው በአእምሮ ሕመም ሳቢያ የሚያደርገውን አላወቀም? ወይስ ስህተት መሆኑን አላወቀም? (ደንቡ በስሙ ይጠራ እንጂ የወጣው የእሱ ፍርድ ካለቀ በኋላ ነው።)

እስቲ ሃድፊልድን በዚህኛው መዝኑት። የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቃል። ሕገወጥ መሆኑንም ያውቃል፤ የፈለገውም መሰቀሉን ነው! በዚህ ሚዛን ጥፋተኛ ሊባል ይችል ነበር።

የማክናተን ደንብ ለዳኛ ይቀላል። ለእኔ ግን ሕመሙን በደንብ ያየው ኧርስኪን ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ዕውቀትን ብቻ ነው፤ እያወቀ ራሱን መግታት ስላቃተው ሰው ምንም አይልም።