ግራውንድ ወይስ አራተኛ ፎቅ? ለጎጃም ፍሬሽማኖች

የዶርም ድልድል ሲለጠፍ ብዙ ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ) የሚጠይቀው ይህንን ነው። አልጋው ያው ተደራቢ የብረት አልጋ ነው፤ ልዩነቱ ፎቁ ላይ ነው።

ወጪ፦ ለውጥ የለውም። ኮስት ሼሪንግ (ተማሪው የሚጋራው የትምህርት ወጪ) በፎቅ አይለያይም።

ውሃ፦ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ግፊቱ ሲደክም ቀድሞ የሚደርቀው የላይኛው ቧንቧ ነው። የግራውንዱ ልጅ ታጥቦ ክላስ ሲገባ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። እጀታው ጣቱን ስለሚቆርጠው በየማረፊያው እጅ ይቀያይራል። ይህ በፈተና ጠዋት ሲያጋጥም ያናድዳል።

ጸጥታ፦ ላይኛው ይሻላል። ግራውንድ በር ላይ ወጪ ወራጁ አያባራም።

ስርቆት፦ የግራውንድ መስኮት ለእጅ ቅርብ ነው። ስልክ እዚያ ቻርጅ ላይ ጥላችሁ አትተኙ። ላይኛው ፎቅም ቢሆን ሎከር ይቆለፍ።

አየር፦ እዚህ ላይ ከተማው ይወስናል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግራውንዱ በክረምት ይረጥባል። ጋቢ ያዙ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ጣና ዳር ናት፤ ከጣሪያ ስር ያለው ፎቅ ከሰዓት በኋላ ይግላል። ወባ ስላለ አጎበር የትም ፎቅ አይቀርም።

ጉልበቱን የሚያመው ግራውንድ ይሻለዋል፤ ድልድሉ ሳይጠናቀቅ ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ይንገር። ዶርም ውስጥ ማንበብ የሚወድ ላይኛውን ይያዝ። ላይብረሪ የሚያመሽ ግን ለጸጥታው ብሎ ያን ሁሉ ደረጃ ባይወጣ ይሻለዋል።