«ማወፈሪያ» ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡ

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ያወፍራል»፣ «ምግብ እምቢ ላለ ልጅ» እየተባለ የሚሸጠው ሽሮፕ ቫይታሚን ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ነው። አፔታሚን የሚባለውም ይኸው ነው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልፈቀደውም፣ እንዳትወስዱትም አስጠንቅቋል።

መድኃኒቱ ሁለት የሰውነት ኬሚካሎችን ያግዳል፦ አለርጂን የሚቀሰቅሰውን ሂስታሚንንና ሴሮቶኒንን። ሴሮቶኒን የጥጋብን ስሜት ከሚያመጡት አንዱ ስለሆነ ሲታገድ ሰው ይርበዋል። ይህ አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ታይቶ በ1962 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነገር ግን መራብና መዳን ይለያያሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት 295 የካንሰር ሕሙማን ተሳትፈው ነበር፤ መድኃኒቱ የደረሳቸው 8 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ወሰዱ። የምግብ ፍላጎታቸው በመጠኑ ተሻሻለ፣ ክብደታቸው ግን መቀነሱን አላቆመም።

ትልቁ ስህተት ልኬት ላይ ነው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑ ጣሪያ 12 ሚሊግራም ነው። በ5 ሚሊሊትር 2 ሚሊግራም ያለውን ሽሮፕ በሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊሊትር) ሦስት ጊዜ ብትሰጡት 18 ሚሊግራም ገባ ማለት ነው። ከልክ ሲያልፍ ልጁ ድብን ብሎ ይተኛል፣ ወይም በተቃራኒው ይቅበዘበዛል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ያን ጊዜ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ያለበት፣ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚይዘው፣ የምታጠባ እናት አይውሰዱት። ፍሉኦክሰቲን የሚወስድ ሰው የድብርት መድኃኒቱን ሊያዳክምበት ይችላል። መኪና የሚነዳና መጠጥ የሚጠጣም ይጠንቀቅ፤ ያደነዝዛል።

ከሁሉ የከፋው ስም በሌለው ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ኪኒን ነው፤ ዴክሳሜታዞን የተባለ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ፊት ሲነፋ «ወፈርኩ» ያሰኛል፤ ስኳርና ደም ግፊትን ግን ያንራል። ለሳምንታት የወሰዳችሁት ካለ በራሳችሁ ውሳኔ ድንገት አታቋርጡ፤ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ሥራውን አቀዝቅዞ ስለሚቆይ ሰውነት ሊዝል፣ ግፊት ሊወርድ ይችላል። ኪኒኑን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ የባች ቁጥርና የአምራቹ ስም ከሌለ ገንዘባችሁን አትስጡ። ልጁ መብላት ካቆመ መጀመሪያ አስመዝኑት፣ ሰገራና ደም ይመርመር፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ካሳለ ደግሞ ስለ ቲቢ ጠይቁ።