ከድልድይ ሥር ወይስ በአስፋልቱ ላይ?

ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ዕቅዱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት ነበር። የወንዝ ዳር የእግርና የብስክሌት መንገድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ግን አስፋልት ሲያቋርጠው ነው። እዚያ ጋ እንዴት ይቀጠል? ምርጫው ሁለት ነው።

ከድልድዩ ሥር ማሳለፍ ለብስክሌተኛ ምርጥ ነው። መኪና የለም፣ መብራት መጠበቅ የለም፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድም ጭንቀት የለም። ግን ክረምት አለ። የቀበና ወንዝ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዴት እንደሚሞላ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ እንጦጦ ላይ የዘነበው ቁልቁል ሲወርድ ጭቃውን፣ ፕላስቲኩን፣ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣል። ስለዚህ ጎርፍ የማይነቅለው ወለል፣ ውሃ ሲመጣ የሚዘጋ በር፣ ሲሄድ ደግሞ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። ማታ መብራት ከሌለውማ፣ እውነት እንነጋገር፣ ማን ብቻውን ያልፍበታል? ሽታውን ተዉት።

ወደ አስፋልቱ ወጥቶ በዜብራ መሻገር ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ጣጣው መውጫው ነው። ደረጃ ከሆነ ዊልቸር አይወጣም፣ ብስክሌትም በሸክም ነው። ራምፕ ከሆነ ደግሞ በተለመደው ስሌት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ 4 ሜትር ለመውጣት 48 ሜትር፣ ያውም ማረፊያው ሳይቆጠር። መሃል ከተማ ላይ ያን ያህል ቦታ ከየት ይመጣል?

እኔ ብጠየቅ፣ ሸለቆው ጥልቅ በሆነበት፣ እንደ ቀበና ባለው ቦታ፣ ከሥር ይሁን እላለሁ፤ ክረምት ላይ የሚዘጋበትን ቀን እንታገሣለን። ወንዙና አስፋልቱ በሚቀራረቡበት ግን ከሥር መቆፈር ውሃ መጋበዝ ነው። ዜብራውን ከፍ አድርጎ መኪናው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ማድረግ ይበቃል።