የትኛው የሞተር ድራይቨር ይሻላችኋል? ከረንቱን የሚናገረውና ዝም የሚለው

ባለፈው ክረምት ሦስት ድራይቨር (በአርዱዊኖና በሞተሩ መካከል ሆኖ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚሰጥ ሰሌዳ) አቃጥያለሁ። ሁለቱ የሄዱት በአንድ ቀን ነው። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ከአሮጌ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ የባጃጅ ባትሪና አንድ አርዱዊኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ይዤ የዶሮ ቤት በር ማታ ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ፤ ሸለምጥማጥ አስቸግሮን ነበርና። በሩ ጭቃ ላይ ተቀረቀረ፣ ሞተሩ ታነቀ፣ እኔ ቡና ላይ ነበርኩ። የጠራኝ ሽታው ነው። ድራይቨሩ በሞተሩ የሚያልፈውን ከረንት ቢናገር ኖሮ ኮዱ ቀድሞ ያቆመው ነበር።

እዚህ ጎንደር ድራይቨር ሲቃጠል ከብሩ ይልቅ የሚያናድደው ቀኑ ነው። ፒያሳ የዞርኩባቸው ሱቆች ቻርጀርና የሞባይል ዕቃ ነው ያላቸው። ሌላው ከአዲስ አበባ በሰው እስኪላክ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ሞተራችሁን ለኩ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች ያዙ፣ ዘንጉን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ዝቅተኛውን ቁጥር ውሰዱ። 12 ቮልትን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። 1 ኦም ካሳየ ሞተሩ ሲታነቅ ወደ 12 አምፒር ይስባል። ድራይቨር የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው።

ሁሉም የሚጀምረው በቀዩ ኤል298ኤን ነው። እኔም እንደዚያው። ለአንድ ሞተር ቢበዛ 2 አምፒር ነው የሚችለው። ደግሞም የድሮ ዓይነት ትራንዚስተር ስለሆነ 1 አምፒር ሲያልፍበት ወደ 2 ቮልት ራሱ ይበላል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ቺፑ ከረንት የሚለካበት እግር አለው፣ ነገር ግን በተለመደው ቀይ ሞጁል ላይ ያ እግር በቀጥታ ከግራውንድ (ከባትሪው ኔጌቲቭ) ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። የአርዱዊኖ ሞተር ሺልድ (አርዱዊኖው ላይ የሚሰካ ድራይቨር) የተሠራው በዚያው ቺፕ ወንድም ነው፤ ግን ከረንቱን ኤ0 እና ኤ1 ፒኖች ላይ ያወጣዋል። ለ1 አምፒር 1.65 ቮልት፣ ለ2 አምፒር 3.3 ቮልት። ለጀማሪ ተማሪ ከዚህ የሚቀል የለም።

ቲቢ6612 ትንሽ ነው፣ ብዙም አይሞቅም፣ ቮልት አይበላም። ሳያቋርጥ 1.2 አምፒር፣ ለቅጽበት ደግሞ 3.2 ይችላል። ከረንት ግን አይለካም። የቮልቴጅ ጣሪያውም 15 ነው፣ የሚመከረው ደግሞ እስከ 13.5 ብቻ። የባጃጅ ባትሪ ቻርጅ ላይ እያለ ከ14 ያልፋል። ሦስተኛዬ የሄደው በዚህ ይመስለኛል። የባትሪ መጫወቻ መኪና ለሚሠራ ልጅ ግን ከኤል298ኤን ይልቅ ይህንን እሰጠዋለሁ።

ለትልቅ ሞተር ቢቲኤስ7960 ነው። ሻጮች «43 አምፒር» ይላሉ። በዚያች ሂት ሲንክ (ሙቀት የምታወጣ ብረት) 43 አምፒር የሚባል ነገር የለም፤ ለ10 አምፒር አካባቢ ግን አያሳስብም። ደስ የሚለው፣ የከረንት መንገሪያ ፒኖች አሉት። በሞተሩ ከሚያልፈው ከረንት ከ8500 አንድ እጅ ገደማ ያወጣል፤ ሬዚስተር ወደ ቮልት ይቀይረዋል። ሞጁሉ ላይ ያለው ሬዚስተር 1 ኪሎ ኦም ከሆነ 10 አምፒር ሲያልፍ 1.2 ቮልት ገደማ ታነባላችሁ። ችግሩ ይህ ቁጥር ከቺፕ ቺፕ በጣም ይለያያል። እኔ እንደ መለኪያ ሳይሆን እንደ ደወል ነው የምጠቀምበት። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ቺፑ ችግር ሲገጥመው ይህ ፒን ከ4 ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል። ቦርዳችሁ አርዱዊኖ ሳይሆን ኢኤስፒ32 ከሆነ 3.3 ቮልት ነው የሚችለው፤ ቮልቱን በሬዚስተሮች ሳትቀንሱ አታገናኙት።

ትክክለኛ ቁጥር ለሚፈልግ ለብቻው የሚገዛ ሴንሰር አለ፣ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አይኤንኤ219 ከረንትና ቮልቴጅ አንድ ላይ ያነባል፣ እስከ 26 ቮልትና 3.2 አምፒር፣ በጣም በጥራት። ቦታው በባትሪውና በድራይቨሩ መካከል ነው። ግን ፍጥነት ስትቀንሱ ድራይቨሩ ኃይሉን ቶሎ ቶሎ ያበራል ያጠፋል። በሚያጠፋበት ጊዜ የሞተሩ ከረንት ድራይቨሩ ውስጥ ይዞራል እንጂ ከባትሪው አይመጣም። በግማሽ ፍጥነት 4 አምፒር የሚያልፍበት ሞተር ባትሪው ጋ 2 ብቻ ሆኖ ይታያል። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ ይህ ልክ ነው። ድራይቨሩን ለማዳን ግን ያታልላችኋል።

ኤሲኤስ712 የሚገባው በራሱ በሞተሩ ሽቦ ላይ ነው። ባለ 5፣ ባለ 20ና ባለ 30 አምፒር አለ። ባለ 20ው ለ1 አምፒር 100 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ዜሮው 2.5 ቮልት ላይ ነው፣ ስለዚህ ወደፊትም ወደ ኋላም ያነባል። በአርዱዊኖ ኡኖ የምትነበበው ትንሿ ለውጥ ወደ 50 ሚሊአምፒር ናት። ለበር ይበቃል፣ ለመጫወቻ ሞተር አይበቃም። በኢኤስፒ32 ደግሞ 8 አምፒር ላይ 3.3 ቮልት ይደርሳል፤ እዚህም ቮልቱን በሬዚስተሮች መቀነስ ያስፈልጋል። የባትሪ ቮልቴጅ ብቻ ለሚፈልግ ቮልቱን ለአምስት የሚያካፍለው ርካሹ ሞጁል ይበቃዋል።

የእኔ በር አሁን ቢቲኤስ7960 እና ባለ 20 ኤሲኤስ712 አለው። ከ6 አምፒር ካለፈ ይቆማል። ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት እንደታነቀ ያህል ስለሚስብ፣ ኮዱ የመጀመሪያውን ሩብ ሰከንድ ንባብ ይዘለዋል። ይህን ሳላውቅ በሩ ሁለት ጠዋት አልከፈትም ብሎ ዶሮዎቹን በመስኮት አውጥቻለሁ።