ሕክምና፣ ሕግ ወይስ ኤምቢኤ? የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ትምህርት ቤቶች ከትዳር አንፃር ሲገመገሙ

ስለ አሜሪካ የሕክምና፣ የሕግና የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚጻፉ ግምገማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያዩት ተማሪውን ብቻ ነው፦ ደረጃው ስንተኛ ነው፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ተመራቂው የት ይቀጠራል። ያገባ ሰው ግን ትምህርት ቤት ሲመርጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ከተማ፣ ሥራ፣ የጤና ኢንሹራንስና የዕረፍት ቀን አብሮ ይመርጣል። ይህ ግምገማ የተጻፈው ክፍል ገብቶ በማይማረው ሰው በኩል ሆኖ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የባለቤትዎ ደስታ ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል የሚለው እንደ ሙያው ይለያያል። ሕክምና ለሚማር ሰው ለባለቤቱ ብሎ ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው ትምህርት ቤት መምረጥ ብዙ አያስከፍልም። በሕግና በኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ግን የትምህርት ቤቱ ስም የመጀመሪያውን ሥራ በቀጥታ ስለሚነካ፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው በደንብ መነጋገር አለባቸው።

ሕክምና 4 ዓመት ነው፤ ከዚያ እንደ ስፔሻሊቲው ከ3 እስከ 7 ዓመት የሚፈጅ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ይከተላል። በአሜሪካ ኤምዲ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ በሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆነው ለሬዚደንሲ ከሚያመለክቱት መካከል በየዓመቱ ከ10 ሰው 9 በላይ የሚሆኑት ቦታ ያገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተማሩት ስሙ ባልገነነ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ሁለት የኤምዲ ትምህርት ቤቶች ቢቀበሉዎት፣ አንደኛው በደረጃ የሚበልጥ ነገር ግን ባለቤትዎ በሙያቸው ሥራ የማያገኙበት ትንሽ ከተማ ላይ ያለ፣ ሌላኛው መካከለኛ ሆኖ ባለቤትዎ ከሥራቸው ሳይለቁ የሚኖሩበት ቢሆን፣ ሁለተኛውን ይውሰዱ እንላለን። ከዚህ ለየት የሚለው እንደ ደርማቶሎጂ (የቆዳ ሕክምና) ወይም የነርቭ ቀዶ ሕክምና ያለ ፉክክሩ የበረታ ስፔሻሊቲ ለመግባት ከወዲሁ የቆረጠ ሰው ነው። እሱ በዚያው ዘርፍ ጠንካራ ዲፓርትመንትና ምርምር ያለው ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ ሊበዛበት የሚገባው ሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንባብ ቢበዛባቸውም ንባቡ ቤት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስቴፕ 1 የሚባለው የሐኪምነት ፈቃድ የመጀመሪያ ፈተና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነጥብ ቀርቶ አልፏል ወይም ወድቋል ብቻ ስለሚባልበት የዚያ ሰሞን ጭንቀትም ትንሽ ረግቧል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን ተማሪው ከአንዱ የሆስፒታል ክፍል ወደ ሌላው እየዞረ ይሠራል፤ ቀዶ ሕክምና ላይ ሳይነጋ ይገባል፣ ሌሊት ያድራል። ትልቁ ችግር ቦታው ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት ዋናው ካምፓስ ላይ ካስተማሩ በኋላ ተማሪውን በሌላ ከተማ ወዳለ ቅርንጫፍ ይመድባሉ። የራሳቸው ሆስፒታል የሌላቸውና ተማሪውን በየቦታው የሚበትኑም አሉ፤ ይህ ዲኦ የሚባለውን ሌላኛውን የሐኪምነት ዲግሪ (የኦስቲዮፓቲ) በሚሰጡ ትምህርት ቤቶች በብዛት ይታያል። ባለቤትዎ ሥራ ይዘው፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብተው ከተደላደሉ በኋላ ይህ ሲመጣ ወይ እንደገና መጓዝ ወይ ተለያይቶ መኖር ይሆናል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የሦስተኛ ዓመት ሆስፒታሎች የትኞቹ ናቸው? ከካምፓሱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቁት ስንት ናቸው? ምደባው በዕጣ ነው ወይስ በምርጫ? ያገባ ወይም ልጅ ያለው ሰው ቅድሚያ ያገኛል?

ቀጥሎ ማች የሚባለው የሬዚደንሲ ምደባ አለ። ተማሪው የሬዚደንሲ ፕሮግራሞችን በምርጫው ቅደም ተከተል ያስገባል፣ ፕሮግራሞቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ኮምፒውተር ያገናኛቸዋል፤ በማርች ሦስተኛ ዓርብ የሚነገረው ውጤት ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል። ባልና ሚስት ዝርዝራቸውን አጣምረው የሚያስገቡበት መንገድ ቢኖርም፣ የሚያገለግለው ሁለቱም በዚያው ዓመት ለሬዚደንሲ ሲያመለክቱ ብቻ ነው። ባለቤትዎ አስተማሪ ወይም አካውንታንት ከሆኑ ሥርዓቱ አያውቃቸውም። ከአሁኑ ማድረግ የሚቻለው ከተማዋን ማየት ነው። ከቤትዎ በመኪና በሚደረስበት ርቀት ስንት ሆስፒታሎች ሬዚደንት እንደሚቀበሉ ይቁጠሩ። አምስትና ስድስት ካሉ ሳይነቀሉ የመቆየት ዕድል አለ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ከ4 ዓመት በኋላ ሌላ ጉዞ እንዳለ ባለቤትዎ ዛሬውኑ ይወቁት።

ሕግ 3 ዓመት ነው፤ የማታው ብዙውን ጊዜ 4 ይሆናል። በብዛት የሚሳሳቱት ሦስቱን ዓመት ብቻ ስለሚያስቡ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታወቁት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ውጭ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ተመራቂ ሥራ የሚያገኘው በአብዛኛው እዚያው በተማረበት አካባቢ ነው፤ የጠበቃነት ፈቃዱም የሚሰጠው በስቴት ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ለ3 ዓመት እችለዋለሁ ያሉት ከተማ ለአሥራ አምስት ዓመት መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ማጣራት ቀላል ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና የሰጠው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተመራቂዎቹን የሥራ ሁኔታ በየዓመቱ ያወጣል፤ ሰነዱ ላይ ብዙ ተመራቂ የተቀጠረባቸው ሦስት ስቴቶች ከነቁጥሩ ተጽፈዋል። ባለቤትዎ ያንን ገጽ አይተው በእነዚያ ስቴቶች ሙያቸው ምን ያህል እንደሚፈለግ ይመልከቱ። ነርስ ከሆኑ ብዙ ስቴቶች በጋራ የሚቀበሉት ፈቃድ ስላለ ሥራ መቀየሩ አይከብድም፤ አስተማሪ ግን ፈቃዱን እንደገና ማውጣት ሊኖርበት ይችላል፣ ይህም ወራት ይበላል።

ሌላው ወጥመድ ሁኔታ ያለበት ስኮላርሺፕ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የሚሰጠው ተማሪውን ከክፍል ጓደኛው ጋር በማወዳደር ነው። የክፍሉ መካከለኛ ውጤት 3.0 እንዲሆን ተወስኖ ስኮላርሺፑን ላለማጣት ደግሞ 3.0 ካስፈለገ፣ ጎበዝም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ተማሪ ከመስመሩ በታች ይወድቃል። ያኔ ጉድለቱን የሚሸፍነው የባለቤት ደመወዝ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ስኮላርሺፑ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀ 509 በሚባለው የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ላይ ስለሚገኝ ከመፈረም በፊት ያንብቡት። ጊዜን በተመለከተ፣ ከባዱ ወቅት የመጀመሪያው ዓመት ኖቬምበርና ዲሴምበር፣ ከዚያም ከተመረቁ በኋላ በጁላይ መጨረሻ ከሚሰጠው የባር (የጠበቃነት ፈቃድ) ፈተና በፊት ያሉት አሥር ሳምንታት ገደማ ናቸው። በእነዚህ ሰሞኖች ልጅ መውለድም ሆነ ቤት መቀየር እንዳይገጥም ማቀድ ይቻላል።

ለባለቤት በጣም የሚመቸው ኤምቢኤ ነው። የሙሉ ጊዜው ሁለት የትምህርት ዓመት ብቻ ይፈጃል። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ባለቤቶች ክበብ አላቸው፤ ዝግጅቱ ላይ ይጋብዛሉ፣ አንዳንዶቹ ክፍል ገብቶ ማዳመጥም ይፈቅዳሉ። ከሌላ አገር ተነሥቶ ማንንም የማያውቅበት ከተማ ለገባ ሰው ይህ ብዙ ነገር ነው። ጉድለቱ ምሽቱ ነው። ቅጥር የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው መኸር ስለሆነ ተማሪው ከክፍል ወደ ቀጣሪዎች ገለጻ፣ ከገለጻው ወደ እራት ግብዣ ይሄዳል፤ የበጋው የሥራ ልምምድም ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። የማታው ወይም የቅዳሜና እሁዱ ኤምቢኤ የሁለት ሰው ደመወዝ ሳያቋርጥ ያስተምራል። ነገር ግን ለሁለት ተኩል ወይም ለሦስት ዓመት የዕረፍት ቀን ይወስዳል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት ሸክሙን በሙሉ በባለቤት ላይ እንደሚጥል አውቆ ይግባበት። ሙያቸውን መቀየር ለማይፈልጉ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ማደግ ለሚፈልጉ ጥንዶች ግን ከሙሉ ጊዜው ይልቅ ይህኛውን እንመክራለን።

የጥርስ ሕክምና ለትዳር ከሕክምና የተሻለ ነው። እሱም 4 ዓመት ቢሆንም፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም ያለ ሬዚደንሲ ሥራ መጀመር ስለሚችል ሁለተኛው የግዴታ ጉዞ አይኖርም። ፋርማሲ የመጨረሻው ዓመት ላይ ከቦታ ቦታ መዞር ስላለው ከላይ የተባለው የምደባ ጥያቄ ለእሱም ይሠራል።

ወደ ገንዘብ እንምጣ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር ተማሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል የድኅረ ምረቃ ብድር የለም። እንደ ሕክምና፣ ሕግና ጥርስ ሕክምና ላሉት ሙያዎች የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 50,000 ዶላር፣ በድምሩ 200,000 ዶላር ነው። ኤምቢኤን ጨምሮ ለሌላው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በዓመት 20,500 ዶላር ነው። ትምህርት ቤቱ የዓመት ወጪ 78,000 ዶላር ነው ካለ፣ የሕክምና ተማሪ 28,000 ዶላር ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። የብዙ ሰው ሂሳብ የሚበላሸው ደግሞ የተማሪ በጀት የባለቤትን ወጪ ስለማያካትት ነው። ኪራይና ምግብ የሚታሰበው ለተማሪው ብቻ ነው፤ ለልጅ መዋያ ግን ማስረጃ አቅርቦ ማስጨመር ይቻላል። የግል ባንክ ብድር ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚፈርም ሰው ይጠይቃል፣ የሚፈርሙትም ብዙ ጊዜ ባለቤት ናቸው። የፈረሙት ዕዳ ተማሪው ቢያቋርጥም የእርሳቸው ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ይህ ፊርማ የግድ የሚያስፈልግበትን ትምህርት ቤት ከርካሹ ጋር በደረጃ ብቻ ማወዳደር አይገባም።

የጤና ኢንሹራንስ የሚዘነጋ ነው። ባለቤትዎ ለጉዞው ብለው በጁን ሥራ ቢለቁ፣ የተማሪው ኢንሹራንስ የሚጀምረው በኦገስት ቢሆን፣ መካከሉ ባዶ ነው። ብዙ የተማሪ ኢንሹራንሶች ደግሞ የትዳር ጓደኛን ጭራሽ አይቀበሉም ወይም በውድ ነው የሚቀበሉት። በሥራ የተገኘ ኢንሹራንስ ሲቋረጥ በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ ሌላ ለመግዛት 60 ቀን አለ፤ ኮብራ በሚባለው ሕግ የድሮውን ማስቀጠልም ይቻላል፣ ግን ሙሉ ክፍያው በራስ ነው። እርጉዝ ወይም ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባለበት ቤት ይህ ከኪራይ ውል በፊት መጣራት አለበት።

ከውጭ አገር በተማሪ ቪዛ ለሚመጡ ጥንዶች ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው የቪዛው ዓይነት ነው። ኤፍ 1 የሚባለውን የተማሪ ቪዛ ይዞ የመጣ ሰው ባለቤት በኤፍ 2 ይገባሉ፤ መሥራት አይፈቀድላቸውም፣ መማር ቢፈልጉም የሙሉ ጊዜ አይሆንም። ጄ 1 በሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ የመጣ ሰው ባለቤት ሆነው ጄ 2 የሚይዙ ግን የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላሉ። በአገራቸው ሙያ ያላቸው፣ ደመወዝ የለመዱ ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ሥራ ተከልክለው ቤት ሲቀመጡ የሚደርስባቸው ኀዘን ቀላል አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ሕንፃና ቤተ መጻሕፍት ከመጠየቅ በፊት ይህ ሊወራ ይገባል። ኤፍ 2 የማይቀር ከሆነ፣ አጭሩን ፕሮግራም፣ በእግርና በአውቶቡስ የሚኖርበትን ከተማ፣ የባለቤቶች ክበብ ያለውን ትምህርት ቤት ያስቀድሙ።

ምክክሩ መቼ ይሁን? ከማመልከት በፊት። "ይስማማሻል?" ወይም "ይስማማሃል?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው የተቀባይነት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ እያየ "አይሆንም" ማለት ይከብደዋል፤ "አንተ ካልክ"፣ "አንቺ ካልሽ" ይላል፣ ቅሬታው ግን ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ይወጣል። ስለዚህ ገና ስሞቹ ዝርዝር ላይ ሳሉ ሁለታችሁም ለየብቻ፣ ሳትተያዩ፣ ሊቀር የማይችለውን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሥራ፣ የእናት ቅርበት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባለቤት ምክንያት ሳይጠየቁ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን ከዝርዝሩ የመሰረዝ መብት ይኑራቸው። ማመልከቻው ካልተላከ መሰረዙ ምንም አያስከፍልም።

ትምህርት ቤቶች የተቀበሏቸውን ሰዎች ወደሚጋብዙበት ጉብኝት አብራችሁ ሂዱ፤ ግን ባለቤትዎ የካምፓሱን ጉብኝት ትተው በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሊሠሩበት ወደሚችሉት ሰፈር ይንዱ። ለተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ጽፈው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ባለቤት ያገናኙዎት፤ የአንደኛ ዓመቱ ገና አላየውም። "ደስ ይልሻል?" ብለው አይጠይቋቸው። ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አብራችሁ እራት በላችሁ፣ ልጅ ሲታመም ማን ከሥራ ይቀራል፣ መጀመሪያ ጓደኛ ያገኘሽው የት ነው ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሲዘገይ እሱም መልስ ነው።

በመጨረሻ ስለ ተጠባባቂ ዝርዝር። ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የተሻለ ደረጃ ያለው ትምህርት ቤት "ቦታ ተገኝቷል" ብሎ ሊደውል ይችላል፣ ለመልስ የሚሰጠውም ጊዜ አጭር ነው። እስከዚያ ድረስ ባለቤትዎ ሥራ ይዘው፣ ኪራይ ፈርማችሁ፣ ልጅ ተመዝግቦ ይሆናል። ስለዚህ ገና በሜይ ቀኑን ቁረጡ፦ ከዚህ ቀን በኋላ ማንም ቢደውል አንሄድም። በዚያው ቀን ስምዎን ከዝርዝሩ እንዲያወጡ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ይላኩ።